ሁለተኛዋ ድምፅ

ያዘነ ሰው አይዋሽም የሚል እምነት አለን። ለቅሶ ቤት ሙሾ ስንሰማ፣ ሽምግልና ተቀምጠን የተበዳይን ቃል ስንሰማ፣ ሬዲዮ ከፍተን የፍቅር ዘፈን ስንሰማ፣ ልባችን ቀድሞ የሚያዘነብለው ድምፁ ወደ ተሰበረው ወገን ነው። «ምስኪን! እንዴት ቢጎዳ ነው እንዲህ የሚለው?» እንላለን። ጎዳችው የተባለችው ሴት ግን እዚያ የለችም። አልተጠራችም፤ ቃሏን አልሰጠችም። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ትከሰሳለች፣ ይመሰከርባታል፣ ይፈረድባታል፤ ሕዝቡም አጨብጭቦ ይበተናል። ይግባኝ የለም።

እኔ የፍቅር ዘፈን ጠላት አይደለሁም። የፍቅር ዘፈን የማይወድ ሰው ቢገጥመኝ ገንዘብ አላበድረውም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ናት፦ የተሰበረ ድምፅ ሁልጊዜ እውነተኛ ድምፅ ነው ወይ? ይህችን ጥያቄ ለመመርመር ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ አየርላንዳዊ ዘፋኝ የበኩር አልበም ነው። ስሙ ዴሚየን ራይስ ይባላል። የአልበሙ ስም ደግሞ ከስሞች ሁሉ አጭሩ ነው፤ «ኦ»። አንድ ፊደል፣ አለቀ። አየርላንድ ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2002 ሲሆን አሥር ዘፈኖች አሉት። ሙዚቃው ቀለል ያለ ነው፦ ጊታር፣ ቼሎ፣ ትንሽ ከበሮ፣ ትንሽ ቤዝ፤ አንዳንድ ቦታ ፒያኖና ሌሎች ክሮች ይገባሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ድምፆች አሉ። የአንደኛው ድምፅ ባለቤት ስሙ ሽፋኑ ላይ አለ። የሁለተኛዋ ስም ሽፋኑ ላይ የለም። የዛሬው ነገሬም በዚህች በሁለተኛዋ ላይ ነው።

አስቀድመን ግን ሰውየው ከየት እንደመጣ እንወቅ። ራይስ እ.ኤ.አ. በ1973 ደብሊን ተወለደ፤ ያደገው ኪልዴር አውራጃ ውስጥ ሴልብሪጅ በምትባል ከተማ ነው። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር «ጁኒፐር» የሚባል የሮክ ባንድ አቋቋሙና ፖሊግራም ከሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ። ለሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ይህ ማለት ሎተሪ ነው። ግን ኩባንያ ገንዘቡን ሲያወጣ ዝም ብሎ አያወጣም። ቶሎ የሚያዝ፣ ሬዲዮ የሚወደው ዘፈን ይፈልጋል። ራይስ ይህ ሥራውን እያጠመመበት መሆኑ ተሰማውና እ.ኤ.አ. በ1998 ባንዱን ጥሎ ወጣ።

ወጥቶ የት ሄደ? ጣሊያን፤ ቶስካና። ምን ሊሠራ? እርሻ! ይህን ለእናቱ እንዴት እንደነገራት ባውቅ ደስ ባለኝ። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደው ነበር። ከእርሻው በኋላ ደግሞ ጊታሩን ይዞ በአውሮፓ ጎዳናዎች ላይ እየዘፈነ፣ አላፊ አግዳሚው በሚጥልለት ሳንቲም ሲኖር ከረመ። ወደ አገሩ ሲመለስ የቀረጻቸውን የሙከራ ዘፈኖች ለሩቅ ዘመዱ ለዴቪድ አርኖልድ ላከለት። አርኖልድ የዋዛ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1999 የወጡትን የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ሙዚቃ የደረሰ ነው። ዘፈኖቹን ሰምቶ ለራይስ ቤቱ ውስጥ የሚቀርጽበትን መሣሪያ አደረገለት። እንግዲህ አስቡት፤ በፍንዳታና በመኪና እሽቅድድም ሙዚቃ የታወቀው ሰው፣ በሹክሹክታ ለሚዘፍን ዘመዱ ዕቃ ሰጠ። ዘመድ ማለት ይህ ነው።

የቀሩት የጁኒፐር ልጆችም አልተበተኑም፤ «ቤል ኤክስ ዋን» በሚል ስም ቀጠሉ። «ቮልኬኖ» የሚባለውን ዘፈን እነሱም እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው አልበማቸው ላይ ተጫውተውታል፤ ራይስም በ«ኦ» ላይ ተጫውቶታል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ዘፈኑ ያው ነው። የራይሱን የተለየ ያደረገው የወንዱ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከወንዱ ድምፅ ጋር የምትጋፈጠው የሴት ድምፅ ናት። እሱ ይጀምራል፣ እሷ ትቀበላለች፣ መጨረሻ ላይ ድምፆቹ እየተደራረቡ አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ ይናገራል። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሆኖ ያዳመጠ ሁሉ ይህን ዜማ ያውቀዋል።

ጊዜውንም ማወቅ ይጠቅማል። «ኦ» የወጣው አየርላንድ የዩሮ ኖቶችን በእጇ ከያዘች ከአንድ ወር በኋላ ነው። ዘመኑ «ሴልቲክ ነብር» የሚባለው የብልጽግና ዘመን ነበር። ለትውልዶች ልጆቿን በመርከብ ስታሰድድ የኖረች አገር በድንገት ሀብታም ሆነች፤ ሌላው ወደ እሷ መሰደድ ጀመረ። በሙዚቃውም ቢሆን ዘመኑ የፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ቦይዞን፣ በ1998 ደግሞ ዌስትላይፍ በአንድ ሥራ አስኪያጅ፣ በሉዊስ ዎልሽ እጅ ተሠርተው ወጡ። ዌስትላይፍን እኛም አገር ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ፀጉራቸው የተበጠረ፣ ከወንበር ተነስተው የመጨረሻውን አዝማች የሚያዜሙ ልጆች! አልንቃቸውም። ጥሩ ዳቦ ቤትም ክብር አለው። ነገር ግን ዳቦ ቤቱ ሁሉንም ዳቦ በአንድ መጠን ነው የሚጋግረው። ራይስ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን ያወጣው ሥራ ከምጣዱ ዳር ያረረ፣ መሐሉ ያልበሰለ፣ ግን በእጅ የተጋገረ መሆኑ ያስታውቃል።

ሌላም ነገር አለ። አየርላንድ ፍቺን በሕግ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1995 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ያለፈውም 50.28 በመቶ በሆነ ድጋፍ፣ ከአሥር ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነበር። ከዚያ በፊት የማይስማሙ ባልና ሚስት ቢለያዩም ሕጉ እንደተጋቡ ይቆጥራቸው ነበር። የቤት ገመና በቤት ይቀራል። ካህኑ ያውቃል፣ ጎረቤት ይጠረጥራል፣ አደባባይ ላይ ግን አይወራም። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው ይህ አልበም ስለ ፍቺ ሕግ አንዲት ቃል አይናገርም። ሆኖም ወንድና ሴት በአንድ ሸክላ ላይ ሆነው «እኛ አልሆነልንም» የሚባባሉበት ሥራ በዚያች አገር፣ በዚያ ሰዓት መሰማቱ ትርጉም የለሽ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልግባ። ገበያው አልበሙን «ፎክ» ይለዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልከራከር። አየርላንድ የታወቀ የሕዝብ ዘፈን አላት። «ሻን ኖስ» የሚሉት፣ ትርጉሙ «የድሮው አካሄድ» ማለት የሆነ፣ ያለ ምንም መሣሪያ በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሚዜም ጥንታዊ ስልት አለ። አንዳንድ ቦታ ሰሚው የዘፋኙን እጅ ይዞ ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል፤ በርታ፣ አለሁ እንደማለት። በ1970ዎቹ ደግሞ እነ ክሪስቲ ሙር «ፕላንክስቲ» በሚባል ቡድን የቆየውን ዜማ ለወጣቱ አደሱት። በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ መርከብ አለ፣ ስደት አለ፣ የተሰቀለ አርበኛ አለ፣ ረሃብ አለ። በ«ኦ» ውስጥ ግን ከዚህ አንዱም የለም። አገር የለም፣ ታሪክ የለም፣ የአያት ተረት የለም። ያለው አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋና ሁለት ሰው ነው። «ኦልደር ቼስትስ» በሚባለው ዘፈን ብቻ ሰውየው አንገቱን ቀና አድርጎ ስለሚያረጁ ሰዎችና ስለሚነጉደው ጊዜ ያወራል። የቀረው ሁሉ የጓዳ ወሬ ነው።

ታዲያ ፎክ የሚያደርገው ምኑ ነው? እንጨቱ ነው ቢሉኝ በቂ አይደለም። የእንጨት ጊታር የያዘ ሁሉ የሕዝብ ዘፋኝ ከሆነ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ዳኛ ነዋ! እኔን ከድሮው አካሄድ ጋር ያገናኘብኝ ሌላ ነገር ነው። ያንን እጅ የመያዙን ነገር አስታውሱ። የድሮው ዘፋኝ ብቻውን ቢያዜምም ብቻውን አልነበረም፤ እጁን የያዘ ሰው ነበር። በ«ኦ» ውስጥ እጅ ያዡዋ ሊሳ ሃኒጋን ናት።

ሃኒጋን ከሚዝ አውራጃ የመጣች፣ ያን ጊዜ ስሟን ማንም የማያውቃት ወጣት ነበረች። ድምፅዋ ከፍ አይልም። ትንሽ ሻካራ ነው፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ጠዋት ሲናገር ያለውን ዓይነት። ራይስ ሲዘፍን ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮሃል፤ እሷ አትጮህም። ራይስ ይለምናል፣ ይከሳል፣ ይፀፀታል፣ እንደገና ይከሳል፤ እሷ ባለችበት ትቆያለች። «ዘ ብሎወርስ ዶተር» የሚለውን፣ በዓለም የታወቀውን ዘፈን ብታዳምጡ፣ ወንዱ ዓይኑን ከአንዲት ሴት ላይ መንቀል አቅቶት ደጋግሞ ሲያማርር ትሰማላችሁ። አንድ ሦስት ደቂቃ ያህል የምናውቀው የእሱን ብቻ ነው። ከዚያ በድንገት የሴቲቱ ድምፅ ይገባል። ይህ ድምፅ የመጣው ሊያጅበው አይደለም፤ የራሱ ቃል ይዞ ነው የመጣው። ለጥቂት መስመሮች ብቻ ትናገርና ትወጣለች። ያኔ ሰውየው ቢቀጥልም የእኛ ጆሮ እንደ በፊቱ አይሰማውም። ለካ ሌላ ሰው አለች!

አቀራረጹም የሚናገረው ነገር አለው። ጣት በጊታር ክር ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ትንፋሽ ይሰማል። ራይስ አፉን ማይክሮፎኑ ላይ ለጥፎ ስለሚጀምር ጆሯችን ሥር ተቀምጦ የሚያወራን ይመስለናል። ከዚያ ድምፁ ቀስ በቀስ ያድግና መጨረሻው ላይ ጩኸት ይሆናል። ከመጀመሪያው «ዴሊኬት» ጀምሮ ይህ ዘዴ ይደጋገማል። የቪቪየን ሎንግ ቼሎ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። ሁለቱ ሲጣሉ መሐል ቁጭ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ተዉ እናንተ» የሚል ሽማግሌ ይመስላል። «ካነንቦል» ላይ ግን ራይስ ረጋ ብሎ ይጫወታል፤ ለእኔ ከብቸኛ ዘፈኖቹ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ማንንም አይከስበትም።

እንከኑን ሳልናገር ባልፍ ግን የሐያሲ ወግ አይሆንም። «ኤሚ» የሚባለው ዘፈን ላይ የገቡት ብዙ ክሮች ለእኔ በዝተውብኛል። ጓዳ ውስጥ የተጀመረ ወሬ በድንገት የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲቀጥል ይመስላል። ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት የሚወጣው ደረጃም አንዴ ሲወጡት ልብ ይሰቅላል፤ አራተኛ ጊዜ ሲወጡት የት እንደሚያደርስ ይታወቃል። ሰውየው ለራሱ ማዘን ይወዳል። አንዳንድ ቦታ ሐዘኑን እያየ፣ ሐዘኑ እንዴት እንዳማረበት በመስታወት የሚያረጋግጥ ይመስለኛል። ሥቃይም እኮ ይሽቀረቀራል!

«ቺርስ ዳርሊን» የሚለው ዘፈን ይህን ራሱ ራይስም ሳያውቅ እንዳልቀረ ያሳያል። የብርጭቆ ግጭት ይሰማል፤ ክላሪኔት ያላዝናል፤ የሰከረ ሰው ላመለጠችው ሴት ጽዋ ያነሳል። ሰውየው እዚህ ላይ አያምርም። ምስኪንም አይደለም። ቂም ይዞ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ በምርቃት ስም ይራገማል። ብዙ ሰው ይህን ዘፈን ይዘለዋል፤ ደስ አይልምና። እኔ ግን ከአልበሙ ሐቀኛ ቦታዎች አንዱ እሱ ነው እላለሁ። የተጎዳ ሰው ሁሉ ደግ አለመሆኑን የሚያሳይ የፍቅር ዘፈን ስንት አለ? ቁጠሩልኝ እስቲ።

የአልበሙ ልብ ግን ዘጠነኛው ዘፈን ነው፤ «አይ ሪሜምበር»፣ «አስታውሳለሁ» ማለት ነው። ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእሱ ነው። መጀመሪያ ሃኒጋን ብቻዋን፣ በቀስታ፣ መጀመሪያ የተያዩበትን ጊዜ ታስታውሳለች። ጨዋ ትዝታ ነው። ከዚያ ሙዚቃው ይሰነጠቅና ራይስ ይገባል። እሱም ያስታውሳል፤ ግን የእሱ ትዝታ እሳት ነው። ሁለቱ ትዝታዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አይታረቁም። ዘፋኙ ማን እንደዋሸ አይነግረንም። ማንም አልዋሸም ይሆናል። አንድ ፍቅር ሁለት ሰው ውስጥ ሲያልፍ ሁለት ታሪክ ይሆናል። ይህን በቃል ማስረዳት ቀላል ነው፤ በስድስት ደቂቃ ገደማ ዘፈን ማሰማት ግን ሌላ ነው።

ከዚያ በፊት ያለው «ኮልድ ዎተር» ጸሎት ነው ማለት ይቻላል። ሰውየው ውሃ ውስጥ ሆኖ ፈጣሪውን ይጠራል፤ ሴቲቱም ከራሷ ውሃ ትጠራለች። የመጨረሻው «ኤስኪሞ» ደግሞ ተንኮል አለው። ዘፈኑ ሲጋጋል ዶሪን ከራን የምትባል የኦፔራ ዘፋኝ ትገባና በፊንላንድ ቋንቋ ታዜማለች። ደብሊን ውስጥ ስንት ሰው ፊንላንድኛ ይሰማል? ቃሉ አይገባም፤ ስሜቱ ግን ይገባል። አልበሙ እዚህ ያለቀ ይመስላል። ዝም ብላችሁ ብትጠብቁ ግን ከዝምታው በኋላ የተደበቁ ዘፈኖች ይመጣሉ። አንደኛው «ፕራግ» ይባላል፤ ወንዱ የመጨረሻ ጩኸቱን ይጮህበታል። ከዚያ ሌላ ዝምታ። ከዚያ ሃኒጋን ትመጣና እ.ኤ.አ. በ1818 ኦስትሪያ ውስጥ በተዜመው በታወቀው የገና መዝሙር ዜማ፣ ቃሉ ተለውጦ፣ በለሆሳስ ታዜማለች። አልበሙ የሚያበቃው በእሷ ነው።

ልብ በሉ! የወንድ ስም ያለበት፣ ወንድ አንድ ሰዓት ያህል የጮኸበት አልበም የመጨረሻውን ቃል የሰጠው ለሴቲቱ ነው። ያውም ደብቆ። ትዕግሥት ለሌለው አይሰማም። ክሱን ሰምቶ የሄደ ሰው መልሱ አመለጠው።

እንዳሰብኩትም፣ ዓለም ክሱን ሰምቶ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2003 አልበሙ አሜሪካ ውስጥ «ሾርትሊስት» የሚባለውን የሙዚቃ ሽልማት አገኘ። በ2004 ማይክ ኒኮልስ «ክሎዘር» በሚለው ፊልሙ «ዘ ብሎወርስ ዶተር»ን ተጠቀመበት። አራት ሰዎች በእውነት ስም እየተዋሹ፣ በፍቅር ስም እየተጎዳዱ የሚዞሩበት ፊልም ነው፤ ምርጫው የገባው ሰው ምርጫ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዘፈኑ በየቦታው ሲሰማ የሚሰማው የወንዱ ልመና ብቻ ሆነ፤ የሴቲቱ ጥቂት መስመሮች ሳይደርሱ ይቆረጣል። «ካነንቦል» ደግሞ የባሰ ዕጣ ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ2011 «ኤክስ ፋክተር» በሚባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ውድድር ያሸነፉት «ሊትል ሚክስ» የአሸናፊነት ዘፈናቸው አድርገው አወጡት፤ አንደኛም ወጣ። ከሙዚቃ ፋብሪካ ሸሽቶ ቶስካና ድረስ የሄደ ሰው ዘፈኑ ፋብሪካው ውስጥ ተገኘ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ዘፈን አንዴ ከቤት ከወጣ የባለቤቱ አይደለም። ጊታር ይዘው ሹክ ማለትና በመጨረሻ መጮህ ብቻ የመሰላቸው ተከታዮችም በዙ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይህ ነው።

ራይስስ? ሁለተኛ አልበሙን «9»ን እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ፤ ሃኒጋንም ነበረችበት። በ2007 ሁለቱ ተለያዩ። እሷ በ2008 «ሲ ሶ» የሚል የራሷን አልበም አወጣች፤ በዓመቱ ለታላቁ የመርኩሪ ሽልማት ታጨች። ለካ እጅ ያዧ ራሷን ችላ መቆም ትችል ነበር! እሱ ሦስተኛውን እስኪያወጣ ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ ስምንት ዓመት ፈጀበት። በታወቀው ፕሮዲዩሰር በሪክ ሩቢን የተሠራ፣ አምሮ የተሰናዳ አልበም ነው። ደግሜ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዜማው የበሰለ ነው፤ አሠራሩም ከ«ኦ» ይልቅ የጠራ ነው። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰውየው ብቻውን ያዝናል፣ ብቻውን ይፀፀታል፣ ብቻውን ራሱን ይቅር ይላል። የሚመልስለት የለም። ንስሐ ያለ ሌላ ሰው ፊት ከመስታወት ጋር መነጋገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ያለኝን ላንሳ። ይህንን ሁሉ ስነግረው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዘፈን ፍርድ ቤት መሰለህ እንዴ? ሰው ሲከፋው ይዘፍናል፤ በቃ! የከሳሽና የተከሳሽን ቃል የሚያስመዘግብ ከሆነማ ሬጅስትራር ይቅጠርልን» አለኝ። ሳቅን። ግማሽ እውነት አለው። ዘፈን የተጎዳ ሰው መጠጊያ ነው፤ መጠጊያ ውስጥ ማስረጃ አይጠየቅም። ሌላው ግማሽ ግን ያስፈራኛል። ምክንያቱም እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ እኛ ሲዘፈን፣ እኛ ግን ሳንጠየቅ ስንቀር ምን እንደሚመስል እናውቃለንና።

አየርላንዳዊ ዘፋኝ ማለት ለብዙዎቻችን መጀመሪያ ቦብ ጌልዶፍ ነው። ሰባ ሰባት ዓ.ም. በዚያ የረሃብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1984፣ ጌልዶፍ የእንግሊዝና የአየርላንድ ታዋቂዎችን ለንደን ላይ ሰብስቦ ለእኛ አዘፈነ። በሐምሌ 1985 ደግሞ ላይቭ ኤይድን አዘጋጀ። ገንዘቡ ሰው አድኗል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። የእሱም አገር እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በድንች በሽታ በመጣ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የቀበረች ናትና፣ የረሃብ ነገር ቢያንገበግበው አይገርምም። ሆኖም በዚያ ዘፈን ውስጥ አንድም የኢትዮጵያ ድምፅ አልነበረም። ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የያዘች አገር፣ ገና መድረሱን ታውቅ እንደሆነ ተጠየቀች። መልሱን የሚሰጥ ሰው ግን ስቱዲዮ ውስጥ አልተጠራም። ድምፆቹ የተሰበሩ ነበሩ። እንባውም እውነተኛ ነበር። የተዘፈነለት ሰው ግን ለዓመታት ዝንብ የወረረው ፊት ሆኖ ቀረ፤ ስም የለው፣ ቋንቋ የለው፣ መልስ የለው።

ጓዳ ውስጥ አንዲት ሴትን ሳያናግሩ ስለ እሷ መዘፈንና አደባባይ ላይ አንድን ሕዝብ ሳያናግሩ ስለ እሱ መዘፈን መጠናቸው አንድ አይደለም። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም በሐዘን ጉልበት የሌላውን ሰው ቦታ ይይዛሉ። ያዘነ ሰው አይዋሽም የሚለው እምነታችን አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ያዘነ ሰው ላይዋሽ ይችላል፤ ያየውን ሁሉ ግን ያየው ከራሱ መስኮት ብቻ ነው። ማልቀስ ዓይንን ያጥባል ይባላል፤ እያለቀሱ ግን ብዙ አይታይም።

ከዚህ የተነሳ «ኦ»ን የማወድሰው ሌሎች በሚያወድሱት ምክንያት አይደለም። «ልቡን አውጥቶ ዘፈነ» ይሉታል። ልቡን አውጥቶ የሚዘፍን ሞልቷል፤ ልብ በርካሽ ነው የሚሸጠው። እኔ የማደንቀው፣ ያ ወጣት በጩኸቱ መሐል ለሌላ ሰው ቦታ መልቀቁን ነው። ማን እንዳስገደደው አላውቅም። ኩባንያው እንዳላስገደደው ግን የታወቀ ነው፤ ኩባንያውን ጥሎ ነበርና። ቤቱ ውስጥ፣ በተሰጠው መሣሪያ፣ ማንም ሳያዘው፣ ክሱን ቀረጸና ጎኑ ላይ መልሱን ቀረጸ። ለራሱ ማዘን የሚወድ ሰው ይህን ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም። ስሟን ከስሙ ጎን ሽፋኑ ላይ ቢያሰፍርማ እንዴት ባማረበት! አላሰፈረም። ሥራው ከሠሪው በልጦ ተገኘ፤ ጥሩ ሥራ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

አልበሙን አግኝታችሁ የምታዳምጡ ከሆነ፣ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። «ኤስኪሞ» ሲያልቅ አትዝጉት። ዝምታው ረዘም ይላል፤ የተበላሸ ይመስላችኋል። ታገሡ። ሰውየው ተመልሶ ይጮሃል፤ እሱንም ታገሡት። ከዚያ ወዲያ የምትሰሟት ቀጭን ድምፅ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲወራባት የነበረችው ሴት ናት።